ውሏን በሕግ ያስፈረሰችው ተዋናይት

ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጐመውን መጽሐፍ ያነበባችሁ እህቶች ደጓን ሜላኒን ታስታውሷታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1939 ታሪኩ በፊልም ሲሠራ ሜላኒን ሆና የተጫወተችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ነበረች።

ኦሊቪያ በ1916 በቶኪዮ ተወልዳ ያደገችው በካሊፎርኒያ ነው። በ19 ዓመቷ ከዋርነር ብራዘርስ የፊልም ኩባንያ ጋር የ7 ዓመት ውል ፈረመች። ኩባንያው አዘውትሮ የሚሰጣት የጀግናውን ወዳጅ ሆና መታየትን ነበር። ያልወደደችውን ሥራ እምቢ ስትል ያለ ደመወዝ ትታገዳለች፤ የታገደችበትም ጊዜ በውሏ ላይ ይጨመራል። በ1943 ዘመኑ አለቀ ስትል 6 ወር ያህል እንደሚቀራት ተነገራት።

ኦሊቪያ ከሰሰች። የካሊፎርኒያ ሕግ ሠራተኛን ከ7 ዓመት በላይ በአገልግሎት ውል ማሰርን ይከለክላል። ኩባንያው 7 ዓመት ማለት የተሠራበት ጊዜ ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። ሌሎችም እንዳይቀጥሯት ስላስጠነቀቀ 2 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከፊልም ሥራ ርቃ ቆየች። በ1944 መጨረሻ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዓመቱ በቀን መቁጠሪያ እንዲቆጠር ወስኖ ፈረደላት።

ነፃ ከወጣች በኋላ የመረጠቻቸውን ሥራዎች ሠርታ፣ በ1946 እና በ1949 በወጡ ፊልሞቿ ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን አገኘች። በ2020 በፓሪስ ስታርፍ ዕድሜዋ 104 ነበር። ያስከበረችው ሕግ ዛሬም በስሟ ይጠራል።

ከመፈረም በፊት ውልን አጥርቶ ማንበብ ደግ ነው። ከፈረሙም በኋላ ሕጉ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።