በስልክ ለሚጠይቅ ገበሬ የሚመልስለት ማን ነው?

በስንዴው ቅጠል ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ያየ ገበሬ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ደርሶ «ይህ ዋግ ነው፤ መከላከያውም እንዲህ ነው» እስኪለው ድረስ ቀን እየቆጠረ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ብልሃት ባልነበረው ጊዜ፣ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ተባብሮ በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለውን አጭር ቁጥር ለሕዝብ ከፈተ። ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር፣ ሳንቲም ሳይከፍል፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ፣ የስልኩን ቁጥሮች እየነካ ስለ እርሻ ዝግጅት፣ ስለ ዘር ወቅት፣ ስለ ማዳበሪያ መጠን፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ የሊቃውንቱን ምክር መስማት ቻለ። ብዙ ወራትም ሳይቆይ የጥሪው ቁጥር በሚሊዮን ይቆጠር ጀመር፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች የአገሪቱ ልሳናት ተጨመሩበት።

ይህን አገልግሎት የሚያመሰግን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመሰግነው ስልኩን ነው፤ የሚወቅሰውም እንዲሁ ስልኩን ይወቅሳል። ነገር ግን የስልክ ማዞሪያ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው አንዱን ደዋይ ከሌላው ጋር ማገናኘትን እንጂ የጤፍን የዘር ወቅት ወይም የዋግን ዓይነት አይደለም። መልሱ ያለው ከማዞሪያው ውጭ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ በሁለቱም መካከል እጅግ ቀጭን የሆነ በር አለ። እኔ እንደማምነው፣ የዚህ ዓይነቱ የሕዝብ አገልግሎት መልማቱም መጥፋቱም በዚያች በር አሠራር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ይኸውም ድምፅን የሚያመላልሰው አካል ዕውቀትን ከሚያዘጋጀው አካል ተለይቶ፣ ሁለቱ ግን እንደ አንድ ሆነው መናገር መቻላቸው ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ሐረርን ለማገናኘት 477 ኪሎ ሜትር የሽቦ መስመር መዘርጋት ከተጀመረበት ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ማዞሪያው ሰው ነበረ፤ ሰውም ስለ ነበረ ይጠየቅ፣ ይመልስም ነበር። ሰውየው ወጥቶ መሣሪያው ሲገባ ደዋዩ የሚያነጋግረው አጣ። የሚሽከረከረው የድሮ ስልክ ቁጥሩን የሚልከው የመስመሩን ኤሌክትሪክ እየቆራረጠ ስለ ነበረ፣ መቆራረጡ የቅርቡን ማዞሪያ ያዝዛል እንጂ ግንኙነቱ ከተፈጸመ በኋላ ወዲያ ማዶ ላለው መሣሪያ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ለደንበኞች የቀረበው ባለ ቁልፍ ስልክ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ድምፆችን አዋሕዶ ያሰማል፤ 5ን የነካ ሰው በሴኮንድ 770 እና 1336 ጊዜ የሚርገበገቡ ሁለት ድምፆችን በአንድነት ይልካል። ድምፅ በሄደበት ሁሉ ቁጥር አብሮ መሄድ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዛሬ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚለው ቃል ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

የማዞሪያውና የፕሮግራሙ ግንኙነት ምን እንደሚመስል ለማስረዳት፣ ምሥጢሩ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ፣ አስተሪስክ የተባለውን ማዞሪያ መመልከት ይጠቅማል። ይህን ማዞሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፈው ማርክ ስፔንሰር የተባለ የአላባማ ወጣት ነው፤ ላቋቋመው ትንሽ ድርጅት የሚሆን የስልክ ማዞሪያ ለመግዛት አቅም ስላነሰው በኮምፒዩተር የሚሠራ ማዞሪያ ራሱ አበጀ። በዚህ ሥርዓት ማዞሪያው በድሮው ቤተ መንግሥት እንደ ነበረው አፈ ንጉሥ ነው፤ በአደባባይ የሚሰማው የእርሱ አንደበት ሲሆን፣ ቃሉን የሚሰጠው ግን ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው ፕሮግራም ነው። ጥሪ በመጣ ጊዜ ማዞሪያው ፕሮግራሙን ይቀሰቅስና የደዋዩን ቁጥር፣ የተደወለበትን ቁጥር፣ የቋንቋውን ዓይነት በአጫጭር መስመሮች ጽፎ ያቀርብለታል፤ ማብቃቱንም በአንድ ባዶ መስመር ያስታውቃል። ፕሮግራሙም በተራው «አንሣ»፣ «ይህን ቅጂ አሰማ»፣ «ይህን ያህል ጊዜ ጠብቀህ ቁጥር ተቀበል» እያለ ያዝዛል፤ ማዞሪያውም እያንዳንዱን ትእዛዝ ፈጽሞ፣ በ200 የሚጀምር መልስ ጽፎ፣ ደዋዩ የነካውን ቁጥር ያስረክባል። ፕሮግራሙ በሌላ ቤት፣ እንዲያውም በሌላ ከተማ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆን እንኳ፣ ንግግሩ በመረብ በኩል ሳይለወጥ ይቀጥላል።

ንግግሩ ይህን ያህል ቀላል ሲሆን የሚፈጠረው እንከን ግን ቀላል አይደለም። ፕሮግራሙ ትእዛዙን ጽፎ ሳለ ወዲያው ሳያወጣው በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ቢያቆየው፣ ማዞሪያው ትእዛዝ ሲጠብቅ፣ ፕሮግራሙም መልስ ሲጠብቅ፣ ሁለቱ እየተጠባበቁ ደዋዩ ዝምታን ብቻ ይሰማል። ደዋዩ በመካከል ስልኩን ሲዘጋ ፕሮግራሙ መዘጋቱን ካልተገነዘበ፣ ሰው በሌለበት መናገሩን ይቀጥላልና መስመሩም፣ ፕሮግራሙ መረጃ የሚያወጣበት መዝገብም ሳይለቀቅ ይቀራል። በእጅ ስልክ ደግሞ ድምፁ ታምቆና ተጨምቆ ስለሚጓዝ የቁልፉ ድምፅ እንዳይበላሽ ቁጥሩ ከድምፁ ተለይቶ እንደ መልእክት ይላካል፤ በመንገዱ ያሉት ሁለት መሣሪያዎች በዚህ አላላክ ካልተስማሙ አንድ ጊዜ የተነካው 2 ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ስለ ማሽላ የጠየቀው ገበሬ ስለ ገብስ ሲነገረው ጥፋቱን በራሱ ጣት ላይ ያደርጋል፤ ይህ ነው እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ችግር ተቀብሎ ፕሮግራሙን ከማዞሪያው ውጭ ማድረግ ለምን አስፈለገ? ማዞሪያውም በውስጡ ጥቂት ቅጂዎችን ማሰማት፣ ጊዜንም መናገር አያቅተውም። ነገር ግን ከባሕር ማዶ ተሠርቶ የመጣው መሣሪያ የሚያውቀው የአውሮፓን ሰዓትና ወር ነው፤ ለእርሱ 7 ሰዓት የሆነው ለእኛ የማለዳው 1 ሰዓት መሆኑን፣ ከነሐሴ በኋላም አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን መኖሯን አያውቅም። ነሐሴ 9 ቀን መድኃኒት ይርጭ ዘንድ የሚገባውን ሰው «ኦገስት 15» ብሎ መምከር አለመምከር ነው። ምክሩም ቢሆን የሚለዋወጥ ነው፤ አዲስ ዝርያ ይወጣል፣ የቀድሞው በበሽታ ይረታል፣ የማዳበሪያው መጠን በአፈሩ ዓይነት ይከለሳል። ይህ ሁሉ በማዞሪያው ሆድ ውስጥ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት ቃል ለማረም የሰብል ሊቁ የቴሌኮም መሐንዲሱን ደጅ መጥናት ይኖርበት ነበር።

ፕሮግራሙ ከውጭ መሆኑ ሌላም ጥቅም አምጥቷል። ደዋዩ ሲመዘገብ የሚኖርበት ወረዳና የሚዘራው ሰብል ስለሚታወቅ፣ ጠያቂ ብቻ የነበረው የሚደወልለትም ይሆናል። በዚያው በ2006 ዓ.ም. መግቢያ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ «ዲገሉ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ መትቶት ነበር። እንዲህ ያለው ወረርሽኝ በሚያሠጋበት ጊዜ ማዞሪያው ለብቻው ማንን መጥራት እንዳለበት አያውቅም፤ መዝገብ የያዘው ፕሮግራም ግን ለይቶ ያውቃል፤ በ8028ም በኩል የዋግ ማስጠንቀቂያ በድምፅና በጽሑፍ ለስንዴ አምራቾች ይላክ ጀመር።

መስመሩ ስንት ሰው ይችላል የሚለው ጥያቄ በስሌት የሚመለስ ስለ ሆነ ብዙ አያናግርም፤ አንድ የተለመደ የማዞሪያ መስመር 30 ንግግር ይሸከማል፤ ሦስቱ ተደምረው 90 ቢሆኑና እያንዳንዱ ሰው 5 ደቂቃ ቢያዳምጥ፣ ክፍተት ሳይኖር እንኳ በሰዓት ከ1080 ሰው በላይ አይስተናገድም። እ.ኤ.አ. በ1909 የኮፐንሃገኑ የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ እንዳስረዳው ደግሞ ሰው በሰልፍ አይደውልም፤ በዚያም ላይ አርሶ የዋለው ሁሉ በሬውን ፈትቶ ስልኩን የሚያነሣው በአንድ ሰዓት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የበሩ ባለቤትነት ነው። ቁጥሩና ማዞሪያው የቴሌኮሙ፣ ምክሩ የምርምር ሊቃውንቱ፣ ፕሮግራሙና መዝገቡ ዛሬ ኢንስቲትዩት የተባለው የቀድሞው ኤጀንሲ ነው፤ ስለዚህ አገልግሎቱ ሲሰናከል ሦስት መሥሪያ ቤት ይጠራል፣ እያንዳንዱም የራሱ ክፍል ደኅና መሆኑን በእውነት ሊመሰክር ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሁለተኛ የስልክ ኩባንያ በአገሪቱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነገሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል፤ አንድ የሕዝብ አጭር ቁጥር የሁሉም እንዲሆን ከሁለቱም ማዞሪያዎች መሰማት ይገባዋልና። ዕውቀቱ በአንዱ ማዞሪያ ውስጥ ተቀብሮ ቢሆን ምክሩን ሁሉ እንደገና መቅዳት፣ መዝገቡንም ለሁለት መክፈል ግድ በሆነ ነበር፤ ፕሮግራሙ ከውጭ በመሆኑ ግን ያው አንዱ ፕሮግራም፣ ያው አንዱ መዝገብ ለሁለቱም አንደበት ቃል መስጠት ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ መስመርና የመሥሪያ ቤቶቹ ፊርማ ነው።