የ1966ቱን አብዮት መንስኤዎች በበቆሎ ፍሬ ማስተማር

የመሬት ሥሪት፣ ረኀብና የኑሮ ውድነት ለአብዮቱ መንስኤዎች መሆናቸውን የመቱ ወይም የጎሬ ተማሪ በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ለጭሰኛው ምን ይተርፍለት እንደ ነበር ግን ከዚህ አይረዳም። መምህሩ ለየቡድኑ 100 የበቆሎ ፍሬ ቢያድል ነገሩ በእጅ ይዳሰሳል። አስቀድሞ 10 ፍሬ ለአሥራት ይነሣል፤ ከቀሪው እኩሌታው፣ ማለትም 45ቱ፣ ለባለርስቱ ይሰጣል፤ 10 ለዘር ይቀመጣል። ለቤተሰቡ የሚቀረው 35 ነው። ድርሻው በየቦታው እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ይሆን ስለ ነበር፣ አሥራትም በ1960 ዓ.ም. በሕግ ስለ ተሻረ፣ ስሌቱ ተለዋውጦ ሊደገም ይገባል።

ባለርስት የሚሆነው ተማሪ በዕጣ ይለይ። በአንድ ክፍል የጭሰኛም የባለርስትም የልጅ ልጆች አብረው ሊቀመጡ ይችላሉና፣ ጨዋታው ወደ ዘለፋ ከዞረ ትምህርቱ ከሽፏል።

ይሁንና ፍሬ ቆጠራው ብቻውን ያሳስታል። ጭሰኝነት ለብዙ ዘመን የኖረ ነው፤ አብዮቱ ስለ ምን በ1966 ፈነዳ? የወሎ ረኀብ፣ በጥር 1966 የነገሌ ቦረና ወታደሮች ማመፅ፣ በየካቲት የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን አድማ በየካርቶን ቁራጩ ተጽፈው ተማሪዎች «የቆየ ሸክም» እና «የቅርብ ቀስቃሽ» በማለት ይለዩአቸው። የወሎ ረኀብ ከየትኛው እንደሚመደብ ቡድኖቹ መከራከራቸው አይቀርም፤ መምህሩም ቸኩሎ አይፍረድ። ድርቁ የቅርብ ነው፤ ድርቁ ሲመጣ ጎተራው ስለ ምን ባዶ እንደ ነበር ሲጠየቅ ግን 35ቱ ፍሬ እንደገና ወደ ጠረጴዛው ይመለሱ።