በታላቅ ግጥሚያ ቀን ከቡጢኛው ኋላ የሚቆመው ሰው

በታላላቅ የቡጢ ግጥሚያዎች አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ሲፈጅ፣ በዙርና በዙር መካከል ለዕረፍት የሚሰጠው ጊዜ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ተመልካቹ ሕዝብ ይህችን ደቂቃ ከጎረቤቱ ጋር ሲጫወትባት፣ በመድረኩ ማዕዘን ግን ከሁሉ የከበደው ሥራ የሚሠራው በእርስዋ ነው። ቡጢኛው በበርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ረዳት ውሃ ያጠጣዋል፤ ሌላው የተሰነጠቀውን ቅንድብ በቫዝሊን ይደፍናል፣ ያበጠውንም ዐይን በበረዶ በቀዘቀዘ ብረት ይጫናል፤ አሠልጣኙም ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ ይናገራል። ለዚህ አገልግሎት አሠልጣኙ እንደ ልማዱ ከቡጢኛው ገቢ ከመቶ ዐሥር ያህል ይወስዳል። ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ዋጋው በዛ ይል ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ በታች የሚነገሩት ግጥሚያዎች (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ከዚህ የበለጠ ቢከፈልም የማያስቆጭበት ጊዜ መኖሩን ያስረዳሉ።

በሴፕቴምበር 16 ቀን 1981 በላስ ቬጋስ ከተማ ሹገር ሬይ ሌናርድና ቶማስ ሂርንስ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተገናኙ። ግጥሚያው ዐሥራ አምስት ዙር ነበር። ዐሥራ ሁለተኛው ዙር ሲያበቃ ሦስቱም ዳኞች በያዙት ነጥብ ሂርንስ ይመራ ነበር፤ የሌናርድም ግራ ዐይን አብጦ ነበር። አሠልጣኙ አንጄሎ ደንዲ በዚያች ደቂቃ ስለ ስልት ብዙ አላብራራም፤ ድሉ ከእጁ እየወጣ መሆኑን ብቻ ሳያለዝብ ነገረው። ሌናርድ በዐሥራ ሦስተኛው ዙር ሂርንስን ጣለው፤ በዐሥራ አራተኛውም ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ። ጌታውን ለማስደሰት የሚሻ ሰው በዚያ ቦታ ቢቆም ኖሮ «አይዞህ፣ እየመራህ ነው» ባለው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው የሚገኘው በቡጢ መድረክ ብቻ እንዳልሆነ በቢሮ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያች ሌሊት በተሸናፊው በሂርንስ ማዕዘን የነበረው የዲትሮይቱ አሠልጣኝ ኢማኑኤል ስቲዋርድ ነው። ይኸው ሰው በ1994 በሎንዶን ዌምብሌ ኦሊቨር ማኮል ለተባለው ቡጢኛ አሠልጣኝ ሆኖ ቀረበ። ተጋጣሚው የከባድ ክብደት ሻምፒዮን የነበረው ሌኖክስ ሉዊስ ነበር። ስቲዋርድ የሉዊስን ጉድለት አስቀድሞ አጥንቶ ስለ ነበር፣ ማኮል በሁለተኛው ዙር በቀኝ እጁ መትቶ ጣለውና ሻምፒዮንነቱን ወሰደ። ሉዊስም ኩሩ ሰው በቀላሉ የማያደርገውን አደረገ፤ የመሸነፉን ዕቅድ ያወጣውን ሰው ለራሱ አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። በ1997 ማኮልን አሸነፈ፤ በ1999ም ኢቫንደር ሆሊፊልድን ረትቶ የማያከራክር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የዩክሬኑ ቭላዲሚር ክሊችኮ ደግሞ ከዚሁ ከስቲዋርድ ጋር በገጠመበት በመጀመሪያው ግጥሚያ፣ በኤፕሪል 2004፣ በላሞን ብሩስተር በአምስተኛው ዙር ተሸነፈ። በዚህ አሳብቦ ሊያሰናብተው ይችል ነበር፤ ግን አላደረገውም። ከ2006 እስከ 2015 ድረስ ሻምፒዮንነቱን ሳያስነካ ያዘ። ስቲዋርድ ይህን ዘመን ፍጻሜው ድረስ አላየውም፤ በ2012 ዐረፈ።

የማይክ ታይሰን ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ታይሰንን ከልጅነቱ ጀምሮ በካትስኪል ከተማ ያሳደገውና የቡጢን ጥበብ ያስተማረው ሽማግሌው ካስ ዳማቶ ነበር። ሽማግሌው በ1985 ሲሞት ሥራው በደቀ መዝሙሩ በኬቪን ሩኒ እጅ ቀረ። ታይሰን በ1986 ገና በሃያ ዓመቱ በከባድ ክብደት በዕድሜ ከሁሉ ያነሰ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በ1988ም ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ በማዕዘኑ የቆመው ሩኒ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ሩኒ ተሰናበተ።

በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ታይሰን በቶኪዮ ከጄምስ ደግላስ ጋር ሲገናኝ ውርርድ የሚያስይዙት ሰዎች 42 ለ 1 ብለው ነበር። ሆኖም የታይሰን ግራ ዐይን ማበጥ ሲጀምር፣ አዲሶቹ ረዳቶቹ ያ የቀዘቀዘ ብረት አልነበራቸውም። የላስቲክ ጓንት በበረዶ ውሃ ሞልተው በዐይኑ ላይ ይይዙለት ዠመር። ዐይኑ ተደፈነ፤ በዐሥረኛው ዙርም ወደቀ፤ ከወለሉ ላይ የጥርስ መከላከያውን በእጁ ሲዳብስ የታየበት ሥዕል ዓለምን አዳረሰ። ጥፋቱን ሁሉ በረዳቶቹ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ታይሰን ራሱ ልምምዱን ችላ ብሎ ነበር፤ እናቱ ከሞተች ጥቂት ሳምንት ብቻ የሆነው ደግላስም በዚያን ቀን ከወትሮው የላቀ ሰው ሆኖ ነበር። ነገር ግን ብረቱን በሻንጣ ውስጥ የሚከት ሰው አለመኖሩ ብዙ ነገር ይናገራል።

አሠልጣኙ ያዘዘው ሁሉ ልክ ነው ማለትም አይደለም። በ1974 በኪንሻሳ መሐመድ ዓሊ ከጆርጅ ፎርማን ጋር ሲጋጠም፣ ደንዲ ከገመዱ እንዲርቅ እየጮኸ ሲነግረው ዓሊ ግን ገመዱን ተደግፎ የፎርማንን ጉልበት አስጨረሰና በስምንተኛው ዙር ጣለው። ዕቅዱ የቡጢኛው የራሱ ነበር። በ1994 ፎርማን በአርባ አምስት ዓመቱ ማይክል ሙረርን ጥሎ ሻምፒዮንነቱን ሲመልስ፣ ያው ደንዲ በፎርማን ማዕዘን መገኘቱ ግን የሚያስገርም ነው።

ከሁሉ የከበደው ውሳኔ የተወሰነው በኦክቶበር 1 ቀን 1975 በፊሊፒንስ፣ በማኒላ አጠገብ ነው። ዓሊና ጆ ፍሬዘር ለሦስተኛ ጊዜ በብርቱ ሙቀት ተጋጠሙ። የፍሬዘር አሠልጣኝ ኤዲ ፈች ነበር፤ ቀድሞ የነበረው ያንክ ደራም በ1973 ስለ ሞተ ቦታውን የያዘ ሰው ነው። በዚያው በ1973 ኬን ኖርተን ዓሊን ያሸነፈውና መንጋጋውን የሰበረው ፈች ባሠለጠነው ስልት ነበር። በማኒላ ዐሥራ አራተኛው ዙር ሲያበቃ የፍሬዘር ዐይኖች ስላበጡ የዓሊ ቀኝ እጅ ሲመጣ አይታየውም ነበር። የቀረው አንድ ዙር፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ፈች ግጥሚያው ይብቃ አለ። ፍሬዘር ተቃወመ፤ ለመነሣትም ሞከረ። ፈች እጁን በትከሻው ላይ አድርጎ አስቀመጠውና ለዳኛው አመለከተ። አሸናፊው ዓሊም ጥቂት ቆይቶ በመድረኩ ላይ ተዝለፈለፈ፤ ኋላም በዚያን ቀን ወደ ሞት እጅግ መቅረቡን ተናገረ።

ብዙዎች ፍሬዘር ይህን ሰው ይቅር አይለውም ብለው ሊገምቱ ይችሉ ነበር። በጁን 1976 ፍሬዘር ከፎርማን ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ለመጋጠም ወደ መድረክ ሲወጣ በማዕዘኑ የቆመው ኤዲ ፈች ነበር።