ማሪምባን ያለ ዕረፍት መምታት፦ የሽዋንትነር «ቬሎሲቲስ»

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆሴፍ ሽዋንትነር እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈው «ቬሎሲቲስ» አንድ ሰው ብቻውን በማሪምባ የሚጫወተው ሥራ ነው። ፈጣን ድምፆች እየተከታተሉ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። አድማጭን መጀመሪያ የሚያስደንቀው ፍጥነቱ ነው። እኔ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ወጥነቱ ይበልጥ ይከብዳል እላለሁ።

ማሪምባ ጠፍጣፋ እንጨቶች እንደ ፒያኖ ቁልፎች የተደረደሩበት መሣሪያ ነው። በየእንጨቱ ሥር ድምፁን የሚያጎላ ቱቦ ይንጠለጠላል። ባለ አምስት ኦክታቩ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ስለሚረዝም ተጫዋቹ ቆሞ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ይመታዋል። ፒያኒስት ቁልፎቹን በጣቶቹ ይዳስሳል፤ የማሪምባ ተጫዋች ግን እንጨቱን የሚያገኘው በመምቻው ጫፍ ብቻ ነው። ሁለቱ እጆቹ ሲራራቁ ዓይኑ አንዱን እንጂ ሁለቱንም መከተል አይችልም። ኖታውን ልመልከት ቢል ደግሞ እንጨቱን ይስታል። ስለዚህ ሥራውን በቃሉ ይይዘዋል፤ ርቀቱንም ክንዱና ወገቡ እስኪለምዱት ድረስ ይደጋግማል። ዝቅተኛ ድምፅ የሚሰጡት እንጨቶች ሰፋፊ፣ ከፍተኛ ድምፅ የሚሰጡት ጠባብ ናቸው። ተጫዋቹ በየእጁ ሁለት፣ በድምሩ አራት መምቻ ይይዛል፤ በአንድ እጅ የተያዙት ሁለቱ ያንኑ የድምፅ ርቀት ለመምታት ወደ ታች ሲወርዱ ሰፋ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ጠበብ ማለት አለባቸው። ይህ ሁሉ የሚስተካከለው በሩጫ ላይ ነው።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከመምቻዎቹ አያያዝ ነው። የዘመኑን የአራት መምቻ አጨዋወት በእጅጉ የለወጠው ሌይ ሃዋርድ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ የሚያዝበትን ዘዴ በዝርዝር አስረድቷል። የውስጠኛውን መምቻ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይመሩታል፤ የውጨኛውን የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ይሸከሙታል። እነዚህ ሁለቱ በተፈጥሯቸው ደካሞች ናቸው። ዝግ ባለ ሙዚቃ ድክመታቸው ሊሸሸግ ይችላል፤ በማያቋርጥ የድምፅ ጅረት ውስጥ ግን አንዲት የሰነፈች ምት ወዲያው ትሰማለች። በዚህ ላይ ጎላ ብለው መመታት ያለባቸው ድምፆች በእኩል ርቀት አይመጡም። ምቱ እየተቀያየረ ስለሚሄድ ጉልህ መሆን ያለበት ድምፅ በዚያው በደካማው መምቻ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ተጫዋቹ አራቱ መምቻዎች መጀመሪያ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰጡ በዝግታ፣ በሜትሮኖም ይለማመዳል። ጉልህ ድምፆቹ ትርጉም የሚያገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

መምቻ መምረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጠንካራው ሰፊውን እንጨት ያንኳኳዋል እንጂ አያዘፍነውም፤ ለስላሳው በጠባቡ ላይ ድምፁ ይጠፋል። ብዙዎች ለግራ እጅ ለስለስ ያለ፣ ለቀኝ ጠንከር ያለ ይመርጣሉ። ያም ሆኖ ወፍራሙ ድምፅ ቶሎ ስለማይሞት፣ በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ ተከታዮቹን እንዳይውጥ ግራ እጅን ማለዘብ ያስፈልጋል።

ሥራውን አዲስ የምትሰሙ ከሆነ በመጀመሪያው ማዳመጥ ፈጣኖቹን ድምፆች ልቁጠር አትበሉ። ጎላ ብለው የሚወጡትን ብቻ ተከተሉ፤ ዜማው የሚሠራው በእነሱ ነው።