መንፈሷ ለምን ትረዳታለች? ስለ አስፈሪ የወጣቶች የሥዕል ታሪኮች

ኮሚክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የልጆች መሳቂያ ወይም ጡንቻው የፈረጠመ ጀግና ነው። እኔም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ለወጣቶች ከሚታተሙት ኮሚኮች መካከል ለየት ያለ ዘርፍ አለ። ታሪኩ መናፍስትና አስማት የሞላበት ነው፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ከእኩዮቿ ጋር አልገጥም ያለች፣ ለማንም መልስ የማታጣ ልጅ ናት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ሥራዎችን አንሥቼ ፍርሃቱ ከየት እንደሚመነጭ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የቬራ ብሮስጎል «የአንያ መንፈስ» ነው። ብሮስጎል ሞስኮ ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ የገባች ናት፤ ጽሑፉም ሥዕሉም የራሷ ነው። መጽሐፉ በ2012 አይስነር የተባለውን የኮሚክ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ አግኝቷል።

አንያም እንደ ደራሲዋ ከሩሲያ የመጣች ናት፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። የሩሲያ ቅላጼዋን አጥፍታለች፤ ቦርዛኮቭስካያ የሚለውን የቤተሰብ ስሟንም ትታ «ብራውን» ትባላለች። እናቷ የምትጠብሰውን የአገር ቤት ምግብ ቅባት በዛበት ትላለች። በትምህርት ቤቱ ዲማ የሚባል ሌላ ሩሲያዊ ልጅ አለ፤ አንያ ግን ከእሱ ጋር መታየት አትፈልግም። እንዴት ትፈልግ? እሱን ያየ ሰው የእሷንም አመጣጥ ያስታውሳላ!

አንድ ቀን አንያ አሮጌ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃለች። እዚያ አንድ አጽም ታገኛለች፤ ከአጽሙ ጋር ደግሞ ከዘጠና ዓመት በፊት የሞተችውን የኤሚሊን መንፈስ። አንያ ከጉድጓዱ ስትወጣ ትንሽ አጥንት ሳታውቀው አብሯት ስለወጣ ኤሚሊ ትከተላታለች። ታዲያ ምን ታደርጋታለች? ትረዳታለች! የፈተና መልስ ከሌሎች ወረቀት አይታ ትነግራታለች፤ የምትወደውን ልጅ እንድትቀርብ መንገድ ታመቻችላታለች። አንባቢው ነገሩን የሚጠረጥረው ቀስ በቀስ ነው። በመጨረሻ አንያ ራሷ ስታጣራ፣ ምስኪን የመሰለችው ኤሚሊ የወደደችው ሰው ሌላ ሴት ስለመረጠ ሁለቱንም በእሳት ያጠፋች ሆና ትገኛለች።

እዚህ ላይ የኮሚክን አቅም ልብ እንበል። በልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው «መንፈሷን ሌላ ሰው አላያትም» ብሎ መጻፍ አለበት። በሥዕል ግን ኤሚሊ ከአንያ ትከሻ ኋላ ዝም ብላ ትቆማለች፤ ሰዎቹ ያልፋሉ፤ እኛ ብቻ እናያለን። ምሥጢሩን ከአንያ ጋር ስለምንካፈል ጥፋቱንም አብረን የተካፈልን ይመስለናል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ደብዛዛ ሐምራዊ ቀለም መሠራቱም ቀኑን ሳይቀር ማታ ያስመስለዋል።

ሁለተኛው ቴድ ናይፌ ከ2002 ጀምሮ ያወጣው «ኮርትኒ ክራምሪን» ነው። ኮርትኒ የተሣለችው ያለ አፍንጫ ነው። ወላጆቿ ከሀብታሞች ጋር ለመቀላቀል ሲሉ አስማተኛ ወደሆነው አዛውንት ዘመዳቸው ቤት ይገባሉ፤ እሷ ግን በአዲሱ ትምህርት ቤት የሚቀርባት ታጣለች። ከአዛውንቱ መጻሕፍት ባገኘችው አስማት ሰው ሁሉ እንዲወዳት ስታደርግ፣ ፍቅሩ ራሱ መከራ ይሆንባታል።

እንግዲህ የሁለቱ አንድነት ግልጽ ነው። መንፈሱም አስማቱም የሚገቡት ልጅቷ በከፈተችው በር ነው፤ በሩም «እንደ ሌሎቹ ልሁን» የሚለው ምኞት ነው። ስለዚህ ኤሚሊ የምታስፈራው የሞተች ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ያጣችውን ሰው ያልተወች አንያ ስለሆነች ነው። አንያም የምትድነው ያንን በኤሚሊ ውስጥ አይታ «እኔ አንቺን አልሆንም» ስትል ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም ከገጠር መጥቼ ግቢ የገባሁ ሰሞን፣ አንድ የአገሬ ልጅ በሰፈራችን አነጋገር ጮክ ብሎ ሲጠራኝ ያልሰማሁ መስዬ አልፌያለሁ። ማንም መንፈስ አልገፋፋኝም። «የአንያ መንፈስ»ን ሳነብ ግን ከኤሚሊ ይልቅ ያስደነገጠኝ ዲማ ነው፤ ያ ልጅ ትዝ አለኝና። እንደነዚህ ያሉትን ሥራዎች «የልጆች ናቸው» ብለን ከመተዋችን በፊት አንድ ጊዜ ገልጠን ብናያቸው መልካም ነው እላለሁ።