የመስቀል ወፍ ወዴት ትሄዳለች?

ክረምቱ አልፎ ምድር በአደይ አበባ ስታሸበርቅ፣ ከተጂ ሜዳ አንሥቶ በሰበታና በቡራዩ ዙሪያ እስከ ሱሉልታ መስክ ድረስ፣ በረጃጅሙ ሣር ጫፍ ላይ ጥቁርና ቀይ ወይም ጥቁርና ቢጫ ላባ የለበሰች ትንሽ ወፍ ትታያለች። አበው «የመስቀል ወፍ» ይሏታል። ከበዓሉ በኋላ ስለማትታይ፣ ዘመዱን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እየተባለ ይወቀሳል።

ለመሆኑ ይህች ወፍ ወዴት ትሄዳለች? ስለ አዕዋፍ ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የትም አትሄድም። በዚህ ስም የሚጠሩት ጎጇቸውን በመሸመን ከታወቁት ወፎች ወገን የሆኑ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ ደማቁ ላባ የወንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚለብሰው ለመራቢያው ወራት ነው። ወራቱ ሲፈጸም ላባውን ለውጦ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ የሣር ዘርና እህል ሲለቅም ይከርማል። የተሰወረው ጌጡ እንጂ ወፉ አይደለም።

መስቀሉም እንዲሁ ነበር። በጎልጎታ በጥራጊ ክምር ሥር 300 ዓመታት ያህል ተቀብሮ ሳለ ከሰው ዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም፤ ንግሥት እሌኒ በእምነት ፈልጋ አገኘችው።

ወንዱ ለምለም ሣር እየሰነጠቀ፣ በቆሙ አገዳዎች መካከል ክዳንና የጎን መግቢያ ያለው ጎጆ ይሸምናል፤ ሴቷም ውስጡን አለስልሳ እንቁላሏን ትታቀፋለች። እንግዲህ እኛ ለበዓሉ ሣር የምናጭድበትና አደይ የምንቀጥፍበት ወቅት፣ እርሷ ጫጩቶቿን የምታሳድግበት ወቅት ነው። ሜዳው በቤትና በፋብሪካ ግንባታ እየጠበበ በሄደበት በዚህ ዘመን፣ አንድ ጎጆ ማፍረስ ቀላል ነገር አይደለም።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። ይህን ለሚጠብቅ የተገባለት የመልካም ነገርና የረጅም ዕድሜ ተስፋ፣ አባትና እናቱን ለሚያከብር ከተሰጠው ተስፋ ጋር አንድ ነው። ለትንሿ ጎጆ የተሰጠው ክብር እንዴት ታላቅ ነው!

ስለዚህ ሣር የሚያጭድ እጅ ጎጆ ባገኘ ጊዜ ዙሪያውን ትቶ ይለፍ፤ ወላጆችም ይህን ለልጆቻቸው ያስተምሩ። በዓመት አንድ ጊዜ የምናስታውሳቸውን አረጋውያን ዘመዶቻችንንም ደመራው ከተቃጠለ በኋላ አንርሳ። ወፏ ባትታየንም በደጃችን አለች፤ እነርሱም እንዲሁ።

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ!