ስለ ቤት ማሞቂያና ስለ ስማርት ቴርሞስታት፦ በአንካራ ቤት ተከራይተው ለሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች

እንደሚታወቀው በአገራችን ቤት ሲባል ከዝናብ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚከልል ነው እንጂ በራሱ የሚሞቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ አጥንት ሲሰረስር እንኳ መድኃኒታችን ጋቢና ብርድ ልብስ ነው። «ክረምት» ስንልም ዝናቡንና ጭቃውን ማለታችን ነው። እዚህ አንካራ ግን ክረምት ማለት በረዶ ነው፤ በጃንዋሪ ሌሊት የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች መውረዱ የዘወትር ነገር ነው። ስለሆነም ከዶርም ወጥተን ለሦስትና ለአራት ቤት በተከራየን ጊዜ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቱርኮች «ኮምቢ» የሚሉት ነጭ ሣጥን ኪሳችንንም ጤናችንንም የሚነካ ጉዳይ ይሆንብናል።

ይህንን ለመጻፍ ያነሣሣን የራሳችን ቤት ታሪክ ነው። አራት ሆነን በአንድ ቤት ስንኖር የመጀመሪያው ክረምት የጋዝ ሒሳብ ከኪራዩ ጋር ሊፎካከር ደረሰ። በሁለተኛው ክረምት «ስማርት ቴርሞስታት ይግባልን፣ ግማሹን ያድንልናል» ተባባልንና ገንዘብ አዋጥተን ገዛን። ውጤቱ የተቃጠለ ኮምቢ፣ ሦስት ሌሊት ያለ ሙቀትና እስከ ፋሲካ የዘለቀ ኩርፊያ ሆነ። አሁን ዕቃው በደንብ ይሠራል። ነገር ግን በዚህ ዓመት ከዶርም የሚወጡት ባልደረቦቻችን በእኛ ገንዘብ ቢማሩ ይሻላል ብለናል።

በመጀመሪያ ኮምቢው ምን እንደሚሠራ እንመልከት። የተፈጥሮ ጋዝ አንካራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ከዚያ በፊት ከተማይቱ በድንጋይ ከሰል ጭስ የታወቀች ነበረች። ኮምቢ ይህን ጋዝ አንድዶ ውኃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውኃ በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ ያሉትን ራዲያተሮች ያግላል፤ መታጠቢያውንም ውኃ የሚያሞቀው ይኸው ነው። እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ኮምቢው ለራሱ ሲተው የሚያውቀው የውኃውን ሙቀት እንጂ የክፍሉን ሙቀት አይደለም። ውኃውን 70 ዲግሪ አድርግ ካሉት፣ እናንተ በከነቴራ ተቀምጣችሁ ብታልቡም እርሱ ውኃውን 70 ለማድረስ ማንደዱን አይተውም። ቴርሞስታት የክፍሉን ሙቀት ለክቶ «በቃ» ወይም «አንድድ» የሚል መልእክተኛ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የኤሌክትሪክ የክፍል ቴርሞስታት ፓተንት የወሰደው በአሜሪካ ዊስኮንሲን የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ዋረን ጆንሰን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1883 ነው። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ሙቀቱን ለማየት በየጊዜው ክፍል እየገባ ትምህርቱን ስለሚያቋርጥበት ነው ይባላል። የዛሬው «ስማርት» የሚጨምረው ከኢንተርኔት ጋር መገናኘቱን፣ በስልክ መታዘዙንና የቤቱን ጠባይ መመዝገቡን ነው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ከሁለቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሕንጻው በሙሉ ከምድር ቤት በአንድ ትልቅ ማሞቂያ የሚሞቅ ከሆነ የግድግዳ ቴርሞስታት ምንም አይሠራላችሁም፤ የሚያዘው ኮምቢ በቤታችሁ የለምና። በእንዲህ ያለ ሕንጻ በየራዲያተሩ ላይ ትንሽ መለኪያ ተለጥፎ ይገኛል። በቱርክ ደንብ መሠረት ከማሞቂያው ወጪ 70 ከመቶው በመለኪያው ንባብ፣ 30 ከመቶው በቤቱ ስፋት ይከፋፈላል። ስለዚህ ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ ብትዘጉም 30ው አይቀርላችሁም። እዚያ የሚጠቅመው በራዲያተሩ ቫልቭ ላይ የሚጠመዘዝ ቴርሞስታት ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው የራሱ ኮምቢ ላለው ቤት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ የማይጠይቀውን አድርጉ። ኮምቢያችሁ ቱርኮች «ዮኡሽማሊ» የሚሉት ዓይነት ከሆነ፣ በጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውኃ መልሶ ያንን ሙቀት ጭምር እንዲጠቀም ሆኖ የተሠራ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ከራዲያተር የሚመለሰው ውኃ ከ55 ዲግሪ ግድም በታች ሲሆን ብቻ ነው። አብዛኛው ተከራይ ውኃውን 70 ወይም 80 ላይ አድርጎ ይተወዋል፤ ለዚያ ችሎታ የተከፈለው ገንዘብም በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ወደ 50 ወይም 55 ዝቅ አድርጉትና ሁለት ቀን ሞክሩ፤ ራዲያተሩ ሲነካ ለብ ያለ ቢመስልም ቤቱ ከሞቀ በቂ ነው። በጣም በሚበርድበት ሳምንት ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው የክፍሉ ሙቀት ነው። ቤት የሚያፈስሰው ሙቀት በውስጥና በውጭ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውጭ 5 ዲግሪ፣ ውስጥ 21 ቢሆን ልዩነቱ 16 ነው። ውስጡን 20 ብናደርገው 15 ይሆናል፤ ማለትም ከ16 እጅ አንዱን፣ ስድስት ከመቶ ያህል አዳንን። እኛ በመጀመሪያው ክረምት 24 ላይ ነበርን፤ ልዩነቱ 19 ስለነበር ከ21ዱ ይልቅ 19 ከመቶ ያህል አብልጠን እናነድድ ነበር ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርተን ማቀዝቀዣው ላይ ከለጠፍን ወዲህ ሹራብ መልበስ ተጀመረ። ይሁንና ቁጠባ ብላችሁ ከልክ በላይ አትውረዱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወራት ለጤና የሚበቃ ዝቅተኛ የቤት ሙቀት ብሎ ያስቀመጠው 18 ዲግሪ ነው።

ወደ ምርጫው እንግባ። በገበያ ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ኮምቢውን ማብራትና ማጥፋት ብቻ የሚያውቅ ነው። ሁለተኛው ከኮምቢው ጋር «ኦፕን ቴርም» በሚባል ቋንቋ የሚነጋገርና «አሁን ውኃውን 45 አድርገው ይበቃል» ለማለት የሚችል ነው። ለዮኡሽማሊ ኮምቢ ሁለተኛው ይሻላል፤ እሳቱን በትንሹ አቆይቶ ስለሚያነድድ። ነገር ግን ኮምቢው ራሱ ቋንቋውን ማወቅ አለበት። አንዳንድ ፋብሪካዎች የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ የቫይላንት ኢ-ባስ፣ የቦሽ ደግሞ ኢ.ኤም.ኤስ. ይባላል። ስለዚህ የኮምቢያችሁን የሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ሳትይዙ ሱቅ አትሂዱ።

ሌላው መታየት ያለበት ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ፣ ወይም ኩባንያው አገልግሎቱን ቢያቆም ዕቃው በእጅ መታዘዝ መቻሉ ነው። ነገሩ የሩቅ ሥጋት አይደለም። ጉግል የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ትውልድ የኔስት ቴርሞስታቶች እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 25 ቀን 2025 ጀምሮ ከስልክ እንዳይታዘዙ አድርጓል፤ ግድግዳው ላይ በእጅ መሥራታቸው ግን አልቀረም። በተጨማሪም እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው የሚይዙት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ እንደ ዩኒቨርሲቲው መረብ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገባበትንም አያውቁም።

ደግሞ ያለ ሐሜት እንናገር፤ ስማርት የሆነው ለሁሉ አያስፈልግም። ሁላችሁም ጧት ወጥታችሁ ማታ የምትመለሱ ከሆነ በሰዓት የሚሞላ ተራ ቴርሞስታት በግማሽ ዋጋ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስማርቱ የሚያዋጣው መውጫ መግቢያችሁ ከቀን ቀን የሚለዋወጥ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ተከላው፣ ማለትም ወደ ጥፋታችን ደረስን። ገመድ አልባው ዓይነት ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ክፍሉን የሚለካው ነው፤ ሌላው ኮምቢው አጠገብ የሚሰቀል ተቀባይ ነው። ተቀባዩ ላይ የራሱ መብራት የሚገባባቸው ሁለት ጉጦች አሉ፤ ከእነርሱ ጎን ደግሞ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ አለ። የእኛ ኮምቢ የሚፈልገው ባዶ መገናኛ፣ ማለትም በላዩ ምንም መብራት የሌለበት ሁለት ሽቦ ነበር። አንዳንድ የቆዩ ማሞቂያዎች ግን 230 ቮልት በዚያው መገናኛ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። በመካከላችን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚማር ነበረ፤ ስሙን አንጠራም፣ እርሱም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው። «ሁለት ሽቦ ነው፣ ለዚህ ባለሙያ ይጠራል እንዴ?» አለ፤ ካቻቢቴ አነሣ፤ ለሌላው ዓይነት የተሠራውን ሥዕል ተከትሎ ከመብራቱ ጉጥ ወደ መገናኛው አጭር ሽቦ አገናኘ። ብሬከሩን ስናነሣ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። 230 ቮልቱ በቀጥታ የኮምቢው ሰሌዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቀኑ የጃንዋሪ ዐርብ ማታ ነው። እስከ ሰኞ ሙቀትም ሙቅ ውኃም አልነበረም፤ የአዲሱ ሰሌዳ ዋጋ ከቴርሞስታቱ በለጠ፤ ዋስትናውም ባልተፈቀደለት ሰው ስለተከፈተ ፈረሰ። ለአከራያችን መንገሩ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር።

ስለዚህ የኮምቢው ክዳን በተፈቀደለት የአገልግሎት ባለሙያ ይከፈት። እናንተ ባለሙያው ሲሠራ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መብራቱ ከብሬከሩ ይጥፋ። ከፋብሪካው በቴርሞስታቱ ጉጦች መካከል የተደረገች አጭር ድልድይ ካለች ትነሣ፤ እርስዋ ካልተነሣች ኮምቢው ሁልጊዜ «አንድድ» እንደተባለ ይቆጥራል፣ ቴርሞስታቱም ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሙቀቱን ወደ 10 አውርዳችሁ እሳቱ መጥፋቱን፣ ወደ 25 አውጥታችሁ መነሣቱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ በፊት ግን የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የተፈታውንም አሮጌ ዕቃ አስቀምጡ።

የሚለካው ክፍል ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ከራዲያተር፣ ከመስኮትና ከውጭ በር ርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሁን። እኛ መጀመሪያ ያስቀመጥነው ቡና ከምናፈላበት ጠረጴዛ በላይ ነበር። ከጀበናው ሥር ያለው ምድጃ ሲግል ቴርሞስታቱ 24 ያነብብና ኮምቢውን ያጠፋል፤ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ መኝታ ቤቱ ይበርዳል። ቴርሞስታቱ ባለበት ክፍል ያለው ራዲያተር ቫልቭም ሙሉ በሙሉ ይከፈት፤ አለዚያ ሁለት አዛዥ ይሆናል።

ቡና ካነሣን አይቀር፤ በከሰል የምታፈሉ መስኮት ይከፈት። የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ከአገራችን የምናውቀው ነው፤ የዚህ አገር መስኮት ደግሞ ነፋስ አያሳልፍም። ኮምቢውም ጋዝ ነው፤ የአየር መግቢያውን ብርድ ገባ ብላችሁ በጨርቅ አትወትፉት፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ግዙ። ጋዝ ከሸተተ መብራት ሳትነኩ ወጥታችሁ 187 ደውሉ።

የመጨረሻው የሰው ጉዳይ ነው፤ ከሽቦውም ይልቅ ያስቸገረን እርሱ ነው። ቴርሞስታቱ የባለ ስልኩን መገኛ እየተከተለ «ቤት ማንም የለም» ብሎ ሙቀቱን ወደ 15 የሚያወርድበት ዘዴ አለው። የተመዘገበው ስልክ የአንዱ ብቻ ነበር። እርሱ ጧት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ ሌላው ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ነበር። ማታ ስንመለስ ሁለት ጋቢ ደርቦ፣ ካልሲውን በእጁ አጥልቆ አገኘነው። «አንተ ወንድሜ፣ እኔ ሰው አይደለሁም?» አለ። መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ አራቱም ስልክ ተመዝግቧል፤ መገኛ መከተሉ ተዘግቷል፤ ቀን 20፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ 18 እንዲሆን ተስማምተናል። የታመመ ሰው ያለ ማንም ፈቃድ ከፍ ያደርጋል። ሒሳቡ በእኩል ይከፈላል።

ቤቱን ስትለቁ ስማችሁን ከመዝገቡ አውጡ፤ ዕቃውንም ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱ። ከመካከላችን አንዱ ትምህርቱን ጨርሶ ድሬዳዋ ገብቷል፤ ስልኩን ግን ማስወጣት ረስተን ነበር። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት፣ እርሱ በላብ ተጠምቆ በረንዳ ላይ ተኝቶ ሳለ «ቤትዎ 17 ዲግሪ ደርሷል፣ ማሞቂያ ይብራ?» የሚል መልእክት ደረሰው። አብርቶልናል።